አቻርና ቸትኒ፦ ከሻገተው ጠርሙስ የተማርነው

በዚህ ወር ይዘንላችሁ የቀረብነው ሕንዶች በቅመም የሚያዘጋጁትን የሚያቃጥልና የሚኮመጥጥ ማባያ ነው። ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ግን በቤታችን የደረሰውን አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

የወንድሜ ልጅ ጅዳ ለአራት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። በሠራችበት ቤት ምግብ የሚያበስሉት ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ የመጡ ትልቅ ሴት ነበሩና ከእርሳቸው ጎን እየቆመች አቻር መሥራት ተማረች። አገሯ ከገባች በኋላም እጅና እግሯን አጣጥፋ ላለመቀመጥ አቻር በጠርሙስ እያዘጋጀች ለመሸጥ አሰበች። ባለፈው ዓመት ከዒደል አድሓ በፊት ከጎረቤትና ከዘመድ የዐሥራ ሁለት ጠርሙስ ትእዛዝ ተቀበለች፤ ከግማሾቹም ቀብድ ወሰደች። ማንጎውን፣ ዘይቱንና ቅመሙን የገዛችው ከስደት ቋጥራ ካመጣችው ገንዘብ ነበር። ጠርሙሶቹ ከተሞሉ በዐሥረኛው ቀን አንዱን ስንከፍት ላዩ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ በቅሎ አገኘን። ሁለተኛውን ከፈትን፤ እንደዚያው ነው። በሦስተኛው ውስጥ አረፋ ይንተከተካል፤ ሽታውም ተለውጧል።

የልጅቱ ዓይን እንባ አቀረረ። ሐጅ ያደረጉ አንዲት ጎረቤታችን በዚያ ሰዓት ከእኛ ጋር ቡና ይጠጡ ነበርና «ምን ያስለቅስሻል ልጄ? ላይ ላዩን ገፈሽ ጣይው፤ ከሥሩ ደኅና ነው» አሏት። እርሷም ወደ እኔ ዞራ «አክስቴ፣ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። ምን እንዳደረግን በመጨረሻው ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ አቻር ምን እንደሆነ፣ ለምን ሳይበላሽ እንደሚቆይና እኛ የት ላይ እንደተሳሳትን እንመልከት።

አቻር ምንድን ነው? ቸትኒስ?

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ነገር ግን ይለያያሉ። አቻር ማለት ጥሬ ፍራፍሬ ወይም አትክልት በጨው፣ በቅመምና ብዙውን ጊዜ በዘይት ተይዞ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመት እንዲቆይ ተደርጎ የሚሠራ ነው። ቃሉ ወደ ሕንድ የገባው ከፋርስኛ ነው ይባላል። ቸትኒ ግን «መላስ» ከሚል የሂንዲ ግሥ የወጣ ስም ሲሆን አብዛኛው በዕለቱ ተፈጭቶ በዕለቱ የሚበላ ነው። በስኳርና በአቼቶ ተቀቅሎ የሚቆይ ቸትኒም አለ፤ በሕንድ ቤቶች የዘወትሩ ግን ትኩሱ ነው። እኛ አገር አዋዜና ዳጣ ከገበታ እንደማይጠፉ ሁሉ በሕንድም ከሩዝና ከምስር ወጥ አጠገብ ጥቂት አቻር ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው። እንደ ወጥ አይበላም፤ በጣት ጫፍ እየተነካ ምግቡን ማጣፈጫ ነው።

ሕንድ ሰፊ አገር እንደመሆኗ አቻሩም በየክፍለ ሀገሩ ልዩ ልዩ ነው። በሰሜን፣ በፑንጃብ በኩል፣ ማንጎው በሰናፍጭ ዘይት ውስጥ ከእንስላል ፍሬ፣ ከአብሽና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ይቀመጣል፤ በክረምት ደግሞ ካሮትና አበባ ጎመን በዚሁ ዓይነት ይሠራሉ። በጉጃራት ማንጎውን ፍቀው በስኳር ለውሰው ፀሐይ ላይ በማቆየት ጣፋጭና የሚያቃጥል አቻር ያወጣሉ። በአንድራ የተፈጨ ሰናፍጭና የበርበሬ ዱቄት በገፍ የሚገባበት «አቫካያ» የተባለው የማንጎ አቻር ስመ ጥር ነው። በኬረላ ደግሞ ገና ያላደገ፣ ትንንሽ ማንጎ ሙሉውን በጨው ይይዛሉ። በደቡብ በኩል የሚጠቀሙበት ዘይት የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ይህም ለእኛ ትልቅ ምቾት ነው። የሰናፍጭ ዘይት በገበያችን እንደልብ ባይገኝም ሰሊጥ ግን ከሑመራ ጀምሮ የራሳችን ምርት ነውና።

የታሪክ ነገር ከተነሳ ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ በ1333 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሕንድ ገብቶ በደልሂ ሱልጣን በሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዘመን ቃዲ ሆኖ ሠርቷል። በጉዞ መጽሐፉም ሕንዶች ሳይበስል የወደቀውን ማንጎ በጨው እንደሚይዙት፣ ይህም በእርሱ አገር ሎሚ በጨው ከሚያዝበት ዘዴ ጋር እንደሚመሳሰል፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬም በዚሁ ዓይነት እየተዘጋጀ ከምግብ ጋር እንደሚቀርብ ገልጿል። ልብ በሉ፤ ዛሬ ያለ እርሱ አቻር የማይታሰበው በርበሬ በዚያን ጊዜ በሕንድ አልነበረም። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፤ ሕንድ የገባውም ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ካሊከት ከደረሰ በኋላ በፖርቱጋሎች አማካይነት ነው። ከዚያ በፊት አቻሩን የሚያቃጥሉት ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ነበሩ ማለት ነው።

አቻር ሳይበላሽ የሚቆየው ለምንድን ነው?

አቻርን የሚጠብቁት አራት ዘበኞች አሉ ብለን ብንመስላቸው ነገሩ ይገባናል።

የመጀመሪያው ጨው ነው። ጨው ከማንጎው ውስጥ ውኃውን ስቦ ያወጣዋል። ሻጋታም ሆነ ባክቴሪያ ያለ ውኃ ሊራባ ስለማይችል ጨው ሲበዛ መኖሪያ ያጣል። ስለዚህ ለጤና ብለን ከአቻር ላይ ጨው ብንቀንስ ዘበኛውን ከበር ማባረራችን ነው። ጨው መቀነስ ለሚያስፈልገው ሰው መፍትሔው የሚበላውን መጠን ማሳነስ እንጂ ከአሠራሩ ላይ መቀነስ አይደለም።

ሁለተኛው ኮምጣጣነት ነው። ጥሬ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ተምር ሂንዲና አቼቶ ሁሉም አሲድ አላቸው። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ከ4.6 በታች ሲሆን እጅግ አደገኛ የሆነው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ሊያድግና መርዙን ሊያወጣ አይችልም። ጥሬ ማንጎና ሎሚ ከዚህ ልክ በብዙ ዝቅ ያሉ ናቸው። የበሰለ ማንጎ ግን ኮምጣጣነቱ ቀንሶ ስኳሩ ስለሚጨምር ለዚህ ዓይነቱ አቻር አይሆንም።

ሦስተኛው ዘይት ነው። ዘይት በራሱ ጀርም አይገድልም፤ ሥራው አየርን መከልከል ነው። ሻጋታ አየር ይፈልጋል። ከዘይት በላይ ብቅ ያለች አንዲት የማንጎ ቁራጭ ካለች ሻጋታው የሚጀምረው ከእርሷ ነው።

አራተኛው ድርቀት ነው። ይህን ዘበኛ የምታቆሙት እናንተ ናችሁ። የታጠበ ማንጎ፣ እርጥብ ቢላዋ፣ ውኃ የነካው ማንኪያ የሦስቱን ዘበኞች ድካም ከንቱ ያደርጋል። ሕንዳውያን እናቶች ልጅ በእርጥብ እጅ ወደ አቻሩ እንዳይጠጋ የሚቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ የት ተሳሳትን?

ከልጅቱ ጋር ቁጭ ብለን የሠራነውን አንድ በአንድ ስንቆጥር አራቱንም ዘበኞች ማጓደላችን ታየን። ማንጎውን አጥበን ወዲያው ቆራረጥነው። ጨውን በዓይን ግምት ጨመርን፤ «እንዳይበዛ» ብለንም እጃችንን ሰበሰብን። ዘይት ተወዶ ነበርና ማንጎውን እስኪሸፍን ሳይሆን እስኪያረጥበው ብቻ አፈሰስን። ጠርሙሶቹን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀቀልናቸውና በወጥ ቤት ፎጣ ወለወልናቸው። ከማንጎዎቹም ውስጥ ጥቂቶቹ ቢጫ መሆን የጀመሩ ነበሩ፤ «ምንም አይል» ብለን ቀላቀልናቸው። ልጅቱ ጅዳ ያየችው አሠራር ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ሴትዮዋ እጃቸው ስለለመደ የማይናገሩትን ነገር እርሷ አላስተዋለችውም ነበር። የእጅ ሙያ በዓይን ብቻ አይወረስም፤ «ይህን ለምን አደረጉ?» ብሎ መጠየቅም ያሻል።

የጠርሙሱን ነገር አንድ ጊዜ በደንብ ላስረዳ። በባሕር ጠለል ከፍታ ባለ አገር ጠርሙስን ከጀርም ለማንጻት በፈላ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግን ውኃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩም አንድ ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባና በመሰል ደጋ ከተሞች ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ 20 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ በንጹሕ መቆንጠጫ አውጥታችሁ አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ በራሱ እንዲደርቅ ተዉት፤ ወይም ለብ ባለ ምድጃ ውስጥ አድርቁት። በፎጣ አትጥረጉት።

የማንጎ አቻር አሠራር

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦
ጠንካራ፣ አረንጓዴ፣ ሲቆረጥ ሥጋው ነጣ ያለ ጥሬ ማንጎ፣ ፍሬው ከወጣ በኋላ የተመዘነ 1 ኪሎ፤
ጨው 150 ግራም፤
የሰናፍጭ ፍሬ 50 ግራም፤
የእንስላል ፍሬ 40 ግራም፤
አብሽ 20 ግራም፤
ጥቁር አዝሙድ 15 ግራም፤
እርድ 20 ግራም፤
የበርበሬ ዱቄት 50 ግራም፤
የሰሊጥ ዘይት ግማሽ ሊትር ያህል።

ስለ በርበሬው አንድ ማሳሰቢያ አለን። ለወጥ የምናስፈጨው በርበሬ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌላም ብዙ ነገር የገባበት ስለሆነ የአቻሩን ጣዕም ይለውጠዋል። ምንም ቅመም ያልገባበት፣ ዛላው ብቻ የተፈጨውን ተጠቀሙ። ማቃጠሉ እንዲበረታ ለሚወዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ሚጥሚጣ መጨመር ይቻላል፤ እርሱም ቅመም ያልገባበት ይሁን።

አንደኛ፦ ማንጎውን ከነልጣጩ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉትና ለሁለት ሰዓት ያህል አየር ላይ አስጡት። እጃችሁ፣ ቢላዋውና መክተፊያው ደረቅ ይሁኑ። ከዚያ ልጣጩን ሳታነሱ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል አድርጋችሁ ቁረጡት። ቢጫ የሆነውን ለጭማቂ ለዩት።

ሁለተኛ፦ ቁራጩን ከ100 ግራም ጨውና ከእርዱ ጋር ለውሳችሁ በመስታወት ወይም በሸክላ ዕቃ ከድናችሁ ለአንድ ቀንና ሌሊት አቆዩት። በመካከሉ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጡት። በአሉሚኒየም፣ በመዳብ ወይም በነሐስ ዕቃ በፍጹም አታድርጉት፤ አሲዱ ብረቱን እየበላ ምግቡ ውስጥ ያስገባዋል።

ሦስተኛ፦ በማግሥቱ የወጣውን ውኃ አጥልላችሁ ድፉት። ቁራጩን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይ አሙቁት። ጠርዙ ሸብሸብ ሲልና በጣት ሲነካ እርጥበቱ ሲጠፋ ደርሷል። በሕንድ ይህ ሥራ የሚሠራው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባለው በጋ ነው፤ እኛም በክረምት ባንጀምረው ይመረጣል።

አራተኛ፦ አብሹንና እንስላሉን በየራሳቸው በደረቅ መጥበሻ ጥቂት አመስ አድርጉ። አብሽ ካረረ አቻሩን ሁሉ ያመርረዋልና መዓዛው እንደወጣ አውርዱት። ሰናፍጩን አታምሱት። ሦስቱንም በሙቀጫ ሸካራ አድርጋችሁ ውቀጡ። ጥቁር አዝሙዱ ሳይወቀጥ እንዳለ ይግባ። በርበሬውንና የቀረውን 50 ግራም ጨው ቀላቅሉበት።

አምስተኛ፦ ዘይቱን በደንብ አሙቃችሁ አውርዱና ለብ እስኪል አቀዝቅዙት። ትኩስ ዘይት በርበሬውን ያሳርረዋል። ከዘይቱ ግማሹን ከቅመሙ ጋር ለውሱ፤ ማንጎውንም ጨምራችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ቅመም እስኪለብስ አገላብጡት።

ስድስተኛ፦ በደረቀው ጠርሙስ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ እየተጫናችሁ ሙሉት፤ መካከሉ አየር እንዳይቀር ነው። የቀረውን ዘይት ከላይ አፍሱበት። ዘይቱ ከማንጎው በላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ ማለት አለበት። በማግሥቱ ማንጎው ዘይቱን ጠጥቶ ዝቅ ካለ ሌላ ዘይት አሙቃችሁ አቀዝቅዛችሁ ጨምሩ። እኛ የከሰርነው በዚህች በመጨረሻዋ ነገር ላይ ቆጥበን ነው።

ሰባተኛ፦ የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ አስራችሁ ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አውጡት፤ ማታ አስገቡት። በየቀኑ በደረቅ ማንኪያ አንድ ጊዜ አገላብጡት። ከዚያ ክዳኑን ግጠሙና ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አስቀምጡት። ያን ጊዜ ልጣጩ ይለሰልሳል፤ የሰናፍጩ ምሬትም ይበርዳል። ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ለወራት ይቆያል።

ለጀማሪዎች፦ ዘይት የሌለው የሎሚ አቻር

በማንጎ ለመጀመር የምትፈሩ ወጣቶች በሎሚ ጀምሩ፤ ሎሚ እጅግ ኮምጣጣ ስለሆነ የመበላሸት ዕድሉ ያነሰ ነው። ልጣጩ ስስ የሆነ 1 ኪሎ ሎሚ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እያንዳንዱን አራት ቦታ ክፈሉት። 200 ግራም ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበርበሬ ዱቄትና አንድ አውራ ጣት የሚያህል በቀጭኑ የተከተፈ ዝንጅብል ጨምራችሁ ለውሱትና በጠርሙስ እየተጫናችሁ ሙሉት። ጭማቂው ሎሚውን ካልሸፈነው የሌላ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። ለአራት ሳምንት ያህል በየቀኑ ጠርሙሱን ነቅነቅ እያደረጋችሁ አቆዩት። ልጣጩ በጥርስ በቀላሉ የሚቆረጥ ሲሆን ደርሷል። ሕንዶች ሒልቲት፣ በእነርሱ አጠራር ሂንግ የተባለውን ሽታው የሚከብድ ሙጫ ቆንጠር አድርገው ይጨምሩበታል፤ ከሌለ ቢቀርም ግድ የለም።

ለሳምቡሳ የሚሆን የቴምር ቸትኒ

በረመዳን ከፊጥራችን ገበታ የማይጠፋው ሳምቡሳ በሕንድም ሳሞሳ ተብሎ የሚወደድ ምግብ ነው። ከእርሱ ጋር የሚቀርበው ደግሞ የቴምርና የተምር ሂንዲ ቸትኒ ነው። ዐረቦች ተምር ሂንዲ፣ «የሕንድ ቴምር» ብለው የሰየሙት ይህ ፍሬ ስሙ ሕንዳዊ ይሁን እንጂ የዛፉ ትውልድ አገር አፍሪካ ነው። በአገራችን ቆላማ ቦታዎችም ይበቅላል።

200 ግራም ተምር ሂንዲና 200 ግራም ፍሬው የወጣ ቴምር በሦስት ብርጭቆ ፍል ውኃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። ከዚያ 15 ደቂቃ ቀቅላችሁ በእጅ ወይም በማንኪያ አሽታችሁ በወንፊት አጥልሉት። የተጣራውን ወደ ድስት መልሳችሁ 150 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ታምሶ የተፈጨ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ በመጠነኛ እሳት እያማሰላችሁ አብስሉት። የማንኪያውን ጀርባ ሲሸፍን ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ የበለጠ ይወፍራልና እጅግ አታድርቁት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ድስቱ አሁንም አሉሚኒየም አይሁን።

አረንጓዴውን ቸትኒ ለሚሹ፣ ሁለት እስር የድንብላል ቅጠል፣ አንድ እስር ናና፣ ሦስት ቃሪያ፣ ጥቂት ዝንጅብል፣ ጨውና የሁለት ሎሚ ጭማቂ አንድ ላይ መፍጨት ነው። ይህ ትኩስ ስለሆነ በማቀዝቀዣም ቢሆን ከሦስት ቀን አይለፍ።

ሁለት ብርቱ ማሳሰቢያዎች

አንደኛው ስለ ነጭ ሽንኩርት ነው። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚወጣና አሲድ የሌለው ስለሆነ የቦቱሊዝምን ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ልጠን ዘይት ውስጥ ነክረን ከማቀዝቀዣ ውጪ ብናስቀምጠው አየር በሌለበት መርዙን ሊያወጣ ይችላል። ይህ መርዝ ሽታውንም ጣዕሙንም ላይለውጥ ይችላል፤ ሰው ግን ይገድላል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርትን፣ ካሮትንና የመሳሰሉትን በማንጎው አሠራር አትሥሩ። ነጭ ሽንኩርት የፈለገ ሰው ሲበላ ትኩሱን ከትፎ ይጨምርበት።

ሁለተኛው ስለ ጨው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ከላይ በገለጽነው መጠን የተሠራ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቻር አንድ ግራም ተኩል ያህል ጨው ይይዛል፤ ከቀኑ ድርሻ ሲሶው ማለት ነው። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ወላጆች ካሉ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። የጨጓራ ሕመምተኛም የሚያቃጥለውን ቢተው ይሻለዋል።

ዐሥራ ሁለቱ ጠርሙሶች

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስ። ጎረቤታችን የመከሩት ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ ነበር፤ ብዙዎቻችንም በቤታችን የምናደርገው ነው። ነገር ግን የሚታየው ሻጋታ አበባው ብቻ ነው፤ ሥሩ በዓይን ሳይታይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ አሲዱንም እየበላ ለሌላ አደገኛ ጀርም መንገድ ይከፍታል። ላዩን ገፎ መጣል ችግሩን መደበቅ እንጂ ማስወገድ አይደለም። ልጅቱንም «ለራሳችን ብናስብ እንኳ አይበላም፤ ለሰው ልንሸጠው ከሆነማ ሌላ ጥያቄ አለብን» አልኳት። ረሱል ﷺ በገበያ ሲያልፉ ከሥሩ የረጠበውን እህል ደረቁን ከላይ አድርጎ ሲሸጥ ያገኙትን ሰው እንዴት እንደገሠጹት ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተነዋል። ሻጋታው ተገፎ ዘይት የተጨመረበት ጠርሙስ ከዚያ እህል በምን ይለያል?

ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ተነስታ ዐሥራ ሁለቱንም ከፈተች። ሰባቱ ሻግተዋል፤ አምስቱ ምንም የሚታይባቸው ነገር አልነበረም። ነገር ግን አምስቱም የተሠሩት በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን፣ በዚያው እርጥብ ማንጎ ነውና እነርሱንም ደፋቻቸው። በማግሥቱ ቀብድ የከፈሉትን ደንበኞች ቤት ለቤት ዞራ ምክንያቱን ሳትደብቅ ገንዘባቸውን መለሰች። ከመካከላቸው ሁለቱ «ገንዘቡ አንቺው ጋ ይቀመጥ፤ ሲደርስልሽ ታመጪያለሽ» ብለው መለሷት። ላዩን ገፈሽ ጣይ ያሏት ጎረቤታችንም ነገሩን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና በሦስተኛው ቀን አንድ ኪሎ የሰሊጥ ዘይት ይዘው መጡ።

ሁለተኛውን ዙር የሠራነው በሚዛን ነው። ልጅቱ የምትጽፍበት አንድ ደብተር አለ፤ የማንጎው ክብደት፣ የጨው መጠን፣ ጠርሙሱ የተቀቀለበት ደቂቃና ቀኑ ይጻፍበታል። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይም የተሠራበት ቀን ይለጠፋል። ከዚያ ወዲህ የሻገተ አላየንም፤ አልሐምዱ ሊላህ። በአቻሩ መደርደሪያ ላይም «ደረቅ ማንኪያ!» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ወንድሞቿ መጀመሪያ ሳቁባት፤ አሁን ግን ማንኪያውን በጨርቅ ጠርገው፣ ወደ መብራቱ አቅርበው አይተው ነው የሚነክሩት።

እናንተም ከመጀመሪያው ጠርሙስ ብዙ አትጠብቁ፤ በትንሹ፣ በግማሽ ኪሎ ጀምሩ። ሠርታችሁ የወጣላችሁን፣ ያልወጣላችሁንም ጭምር ጻፉልን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ ማዕዳችሁን አላህ ይባርክላችሁ።